በግ የሚመስለው ቴሪየርና ጉበቱ ውስጥ የተከማቸው መዳብ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢዋ ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል።)

የዛሬው እንግዳችን አይናገርም። አራት እግርና ጅራት አለው፤ መንገድ ላይ ያዩት ልጆች ደግሞ «እማዬ፣ በግ!» እያሉ ይጠቁሙታል።

(ድምፅ፦ ውሻ ሁለት ጊዜ ይጮኻል።)

በግ አይደለም። ቤድሊንግተን ቴሪየር ይባላል፤ የእንግሊዝ ውሻ ነው። ፀጉሩ እንደ ግልገል ጥቅልል ያለ ነው፤ ወገቡ ላይ ጎበጥ ይላል፤ የጆሮዎቹ ጫፍ ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የሚንጠለጠል ፀጉር ይተውለታል። አናቱ ላይ ደግሞ ቁንጮ አለው። አዎ፣ ቁንጮ! ባለቤቶቹ እየከረከሙ ያሳምሩለታል። ቢመዘን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ነው። ከቀለሞቹ አንዱን እንግሊዞች «ጉበት» ብለው ይጠሩታል፤ ቡናማ ማለታቸው ነው። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ራሱ ስለ ጉበቱ ነው።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ።)

መልኩ በግ ይምሰል እንጂ የዋህ እንዳይመስላችሁ። የትውልድ አገሩ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው የኖርዘምበርላንድ ግዛት ነው። በዚያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አይጥ ያስለቅሙት፣ ከባለርስቶች መሬት በድብቅ ጥንቸል ያሳድዱበት፣ በእረፍታቸው ደግሞ እሽቅድድም ያስሮጡት ነበር። በፈረንጆች 1825 ጆሴፍ አይንስሊ የተባለ የቤድሊንግተን ሰው ፓይፐር የሚባል ውሻውን በከተማዋ ስም ጠራው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በ1877 የዝርያው ብሔራዊ ክበብ ተቋቋመ።

ክበብ ሲቋቋም መዝገብ ይከፈታል። መዝገብ ሲከፈት ግን አንድ በር ይዘጋል፦ ከመዝገቡ ውጭ ካለ ውሻ ጋር ማዳቀል ይቀራል። እዚህች ላይ ቆም በሉ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን እስቲ አንድ ቤት በሐሳብ እንግባ። ለንደን የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ እንበል። ውሻቸውን ቡቺ ብለውታል፤ አራት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ እንግዳ ነበር፣ ዱለት ተሠርቷል፤ አባት ከጠረጴዛው ሥር ለሚለማመጠው ቡቺ ጉበት ጉበቱን እየመረጡ ጣል ጣል አድርገውለታል። ሰኞ ቡቺ ምግቡን አሸትቶ ተወው። ማክሰኞ አስመለሰው፤ ውኃ ግን ደጋግሞ ይጠጣል። «ሆዱ ተበላሽቶ ነው፣ ይተወዋል» አሉ አባት። ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው ቡቺን ስታቅፈው ዓይኖቹን አየች። ነጩ ቢጫ ሆኗል። ከንፈሩን ገለጥ ስታደርግ ድዱም ቢጫ ነው።

ይህን ምልክት እኛ በሰው ላይ የወፍ በሽታ እንለዋለን። ለመሆኑ ቡቺን የጣለው የቅዳሜው ዱለት ነው? ምን ይመስላችኋል?

(አጭር ዝምታ።)

ዱለቱ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል። ስለዚህ ቡቺ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ቤተሰቡ ዱለቱን መናገር አለበት፤ እንዲህ ያለውን ነገር መደበቅ ሐኪሙን ማሳሳት ነው። ነገር ግን በቤድሊንግተን ላይ ቢጫ ዓይን ሲታይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። እሱም የጀመረው ቅዳሜ ሳይሆን ቡቺ ሳይወለድ ነው።

(ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይገባና ይወጣል።)

ነገሩ መዳብ ነው። ያው የምናውቀው መዳብ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት። ሰውም ውሻም መዳብ ያስፈልገዋል፤ እጅግ ጥቂት ብቻ። ከምግብ ጋር ይገባል፣ ከአንጀት ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት የሚበቃውን ያህል ያስቀርና ትርፉን በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይመልሰዋል፤ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በጤነኛ ውሻ ይህ ሥራ ቀን ከሌት ሳይቋረጥ ይከናወናል።

በታመመ ቤድሊንግተን ግን የመውጫው በር ተዘግቷል። መዳብ ይገባል፤ አይወጣም። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ በዓመቱ ብዙ። በአንዳንዶቹ ጉበት ውስጥ የተገኘው መዳብ ጤነኛ ውሻ ላይ ከሚጠበቀው ከሃያ እጥፍ በላይ ነበር። የተከማቸው መዳብ የጉበቱን ሴሎች ይመርዛል፤ ጉበቱ ይቆጣል፣ ይጠባሰሳል፣ እየጠነከረ ይሄዳል።

አስቸጋሪው ነገር ጉበት አለመጮኹ ነው። ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ቡቺ ባለፈው ወር ኳስ ሲያሳድድ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያለ ጤነኛ!» ብሎታል። አንዳንዱ ውሻ ለዓመታት ምንም ሳይታይበት ይቆያል። አንዳንዷ ደግሞ ከወሊድ በኋላ፣ ወይም ከውበት ውድድር ግርግር ስትመለስ፣ በድንገት ትወድቃለች። በእንዲህ ያለው ጊዜ ከተጎዳው ጉበት የሚያመልጠው መዳብ ወደ ደም ይፈስና ቀይ የደም ሴሎችን ይሰብራል።

እንድገመው፤ በሬዲዮ የተሰማ ነገር ቶሎ ያመልጣል። አንደኛ፣ በሽታው በምግብ የሚመጣ መመረዝ አይደለም፤ ከወላጆች የሚወረስ ነው። ሁለተኛ፣ የታመመው ውሻ ለዓመታት ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚያውቁት ከቤት እንስሳት ሁሉ መዳብ ቶሎ የሚመርዘው በግን ነው። በግ የሚመስለው ውሻ በዚህም ከበግ ጋር መገናኘቱ ይገርማል፤ ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ።)

ታዲያ ሁለት ጤነኛ ወላጆች የታመመ ቡችላ እንዴት ይወልዳሉ? ይህን ጥያቄ ያዙልን።

የአንድ ግቢ በር ሁለት ቁልፍ አለው እንበል፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የተሰጠ። አንዱ ቢሰበር በሌላው ይከፈታል፤ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ችግር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ሁለቱም የተሰበሩ እንደሆነ ግን በሩ አይከፈትም። እያንዳንዱ ቡችላም መዳብ የሚወጣበትን በር የሚከፍቱ ሁለት ቁልፎች፣ ማለትም የአንድ ጂን ሁለት ቅጂዎች፣ ይወርሳል። ሁለቱም ደኅና የሆኑለት «ነፃ» ይባላል። አንዱ የተሰበረበት «ተሸካሚ» ይባላል፤ እሱ ራሱ አይታመምም፣ ስብራቱን ግን ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። ሁለቱም የተሰበሩበት ታማሚ ነው።

ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነገሩ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር። አባት አንድ ይወረውራል፣ እናት አንድ ትወረውራለች። በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ ነፃ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አንዱ ታማሚ ይሆናል። ልብ በሉ፣ «በአማካይ» ነው። አራት ቡችሎች ተወልደው ሁሉም ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ፤ አርቢውም «የኔ ዘር ንጹሕ ነው» ብሎ ይኩራራል። በሚቀጥለው ወሊድ ሦስቱ ሊታመሙ ይችላሉ። ሳንቲሙ ያለፈውን ውርወራ አያስታውስም።

አሁን ቅድም ቆም ያልንባት ላይ እንመለስ፤ የተዘጋው መዝገብ። በብዙ የሀገራችን አካባቢ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰባት ቤት። የሚዛመዱ ሆነው ከተገኙ ነገሩ ይቀራል። የዘር ውሻ አርቢዎች ደግሞ የሠሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። የሚያምረውን መልክ ለማጽናት ሲሉ አያትን ከልጅ ልጅ፣ የእህትን ልጅ ከአጎት ያጋባሉ። ውድድር ያሸነፈ አንድ ወንድ ሲገኝ ሁሉም ሴት ውሻውን ይዞ ወደ እሱ ይሮጣል። ያ አሸናፊ የተሰበረ ቁልፍ ከያዘ፣ ስብራቱ በጥቂት ትውልድ ውስጥ በየቤቱ ይገባል። ዳኛው ቁንጮውን፣ ጥርሱን፣ አረማመዱን ያያል። ጉበቱን ማን አይቶት?

(አጭር ዝምታ።)

እርግጥ ማየት የጀመሩ ነበሩ። በፈረንጆች 1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች በቤድሊንግተን ጉበት ውስጥ መዳቡን አግኝተው በጽሑፍ አሳወቁ። ከዚያ በኋላ በኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የአገራቸውን ቤድሊንግተኖች ሲመረምሩ፣ መጀመሪያ ላይ ከታዩት ግማሽ የሚጠጉት ታመው ተገኙ። ግማሽ! እያንዳንዱ ሁለተኛ ውሻ ማለት ነው።

ያኔ ማወቂያው መንገድ አንድ ነበር፤ ከጉበቱ ቁራጭ ወስዶ መመርመር። ውሻው ይደነዝዛል፣ መርፌ ይገባል ወይም ሆዱ ይከፈታል፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል። ታማሚው በዚህ ይለያል። ተሸካሚውስ? የተሸካሚ ጉበት ጤነኛ ስለሆነ ምርመራው ያልፈዋል። ብዙ ደግ አርቢዎች የተቻላቸውን አድርገው እንኳ የታመሙ ቡችሎች ሲያስወልዱ የኖሩት ለዚህ ነው። እነሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይደለም።

በ1997 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከተሰበረው ጂን ጎን የሚገኝ ምልክት አገኙ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንጠቁም «ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ» እንደምንለው ዓይነት ነው። ይጠቅማል፤ ግን መድኃኒት ቤቱ ሰፈር የለወጠ ዕለት እንግዳው ይጠፋል። በአንዳንድ የዘር ሐረግም እንዲሁ ምልክቱና ስብራቱ ተለያይተው ስለነበር ምርመራው ያሳስት ነበር።

ቤቱ ራሱ የተገኘው በ2002 ነው፤ በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች። ጂኑ ዛሬ ኮምዲ-ዋን ይባላል፤ ስሙ የይለፍ ቃል ይመስላል። ከዚህ ጂን ውስጥ አንድ ቁራጭ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ተገኘ። ከመጽሐፍ መሃል ገጾች ተገንጥለው እንደ መውጣት ነው፤ የቀረውን ቢያነቡት ትርጉም አይሰጥም።

ይህ ግኝት ሳይንቲስቶቹንም አስገርሟቸዋል። በሰው ላይ መዳብ የሚያከማች የሚወረስ በሽታ አለ፤ በ1912 በዝርዝር በጻፈው ብሪታንያዊ ሐኪም ስም የዊልሰን በሽታ ይባላል። በሰው ላይ መዳቡ ከጉበት አልፎ አንጎልንም ይጎዳል። የቤድሊንግተን ሕመም የዚሁ መንትያ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታስቦ ነበር። የውሻው ስብራት ግን ሌላ ጂን ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውነት መዳብን የሚያስወጣበት፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ሌላ ሠራተኛ መኖሩን ያሳየን ይኸው በግ መሳይ ውሻ ነው። የዊልሰኑ ጂን በውሾች ላይ ተዛብቶ የተገኘው በላብራዶር ነው፤ በሌላ ዝርያ።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ።)

ዛሬ ምርመራው ምን ይመስላል? የጆሮ መጥረጊያ በሚያህል ዘንግ የቡችላው ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ይታሻል። መጀመሪያ ከእናቱ ጡት ይለያል፤ አፉ ውስጥ የእሷ ወተትና ምራቅ ካለ ውጤቱ ሊቀላቀል ይችላል። ዘንጉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል፣ ይደርቃል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ቡችላው ሊያኝከው ይሞክራል፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይኸው ነው። ላቦራቶሪው ነፃ፣ ተሸካሚ ወይም ታማሚ ብሎ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጥያቄ ይመጣል። ምርመራው ካለ ተሸካሚዎችን ሁሉ ከመራባት ማገድ አይሻልም? እስቲ አስቡት።

(አጭር ዝምታ።)

አይሻልም። ቤድሊንግተን ቁጥሩ ብዙ ያልሆነ ዝርያ ነው። ተሸካሚዎች በበዙበት ቤት ሁሉንም በአንድ ቀን ብናስወጣ የሚቀሩት ጥቂት ዘመዳሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ ሲዋለዱ ሌላ የተደበቀ ስብራት ያወጣሉ። አንዱን እባብ ስናባርር ሌላ ጉድጓድ እንቆፍራለን። የሚሻለው ተሸካሚውን ከነፃ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለት ተሸካሚዎችን አለማገናኘት፤ ተሸካሚን ከነፃ ግን ይቻላል። ከዚህ ጥንድ የሚወለዱት በአማካይ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ በዚህ ስብራት የሚታመም ግን የለም። ከዚያ ከልጆቹ ነፃዎቹን እየመረጡ መቀጠል። በኔዘርላንድስ የጂኑ ምርመራ ከመምጣቱ በፊት እንኳ፣ በጉበት ናሙናና በጥንቃቄ በተመረጡ ጥንዶች ብቻ፣ የታመሙት ቁጥር በ1990ዎቹ ከአስር አንድ ገደማ ወርዷል።

ሳይባል የማይታለፍ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህ የታወቀ ስብራት ሳይኖርባቸው ጉበታቸው ውስጥ መዳብ የተከማቸባቸው ቤድሊንግተኖችም ተገኝተዋል። ስለዚህ «ነፃ» የሚል ወረቀት ያለው ውሻ ቢታመም ሐኪሙ ጉበቱን ከመመርመር ወደኋላ አይልም። ወረቀቱ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሁሉንም ግን አይናገርም።

(ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይገባና ይወጣል።)

ወደ ቡቺ እንመለስ። ታማሚ መሆኑ ቢረጋገጥ ተስፋ የለውም? አለው፤ በተለይ ጉበቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ ከተደረሰበት። መዳብን ይዞ በሽንት የሚያስወጣ ፔኒሲላሚን የሚባል መድኃኒት አለ። ከፔኒሲሊን የተገኘ ነው፤ በ1956 ለዊልሰን ሕመምተኞች ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዎልሽ ነበር። ከሰው ወደ ውሻ መጣ ማለት ነው። በባዶ ሆድ ይሰጣል፤ አንዳንዱን ውሻ ያስመልሰዋል። ዚንክም አለ፤ እሱ ደግሞ አንጀት ላይ ሆኖ መዳብ እንዳይገባ ይከላከላል። ሁለቱን እንደ ፈለጉ ደባልቀው ቢሰጡ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ያከሽፋል። መጠኑንም ሰዓቱንም የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው፤ የጎረቤት ውሻ የዳነበት መድኃኒት ለእናንተው አይሆንም።

ምግቡም ይለወጣል፤ መዳብ ዝቅ ያለበት ምግብ ሐኪሙ ያዝለታል። ጉበት ከሚበሉ ነገሮች ሁሉ መዳብ በብዛት ከሚገኝባቸው አንዱ ነው፤ የበሬም የበግም። አባት «ይጠንክርልኝ» ብለው ይጥሉለት የነበረው ቁራጭ፣ ለዚህ ውሻ ግን የተዘጋ በር ባለው ግቢ ውስጥ ጭነት እንደ ማራገፍ ነበር። ሕመሙን አላመጡበትም፤ አባብሰውበት ግን ይሆናል። የመዳብ ዕቃ ላይ ውኃ ማጠጣትም ይቀራል።

የተቀረው የቤድሊንግተን አያያዝ ቀለል ያለ ነው። ፀጉሩ ብዙም አይረግፍም፤ ስለዚህ በየስድስት ወይም ስምንት ሳምንቱ ይከረከማል። ዓይኑ እንባ ካበዛ ይታያል፤ በዚህ ዝርያ የእንባ መስመርና የሽፋሽፍት ችግር ይገኛል። ግቢ ካላችሁ ደግሞ ይቆፍረዋል፤ የከሰል ቆፋሪ ውሻ መሆኑን አትርሱ።

(ድምፅ፦ ስልክ ይጠራል።)

የቡቺ ቤተሰብ ከዓመት በኋላ ለቡቺ ጓደኛ ሊፈልግለት ተነሣ እንበል። ቡቺ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፤ ቢጫው ለቆታል። በዚህ ጊዜ ስልኩን የያዘችው ልጅቷ ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ዋጋውን አልነበረም፤ «የእናቷንና የአባቷን የዲ.ኤን.ኤ. ውጤት ማየት እችላለሁ?» አለች። ሁለተኛው፦ «ቡችላዋን ከእናቷ ጋር ሆና ማየት እችላለሁ?» እንግሊዝ ውስጥ ከፈረንጆች 2020 ሚያዝያ ወዲህ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ በነጋዴ በኩል መሸጥ ክልክል ነው፤ ገዢው በቀጥታ ከአርቢው መውሰድ አለበት። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል፤ ዌልስ ውስጥ ከቡችላ ማምረቻ ተጎሳቁላ በወጣች ውሻ ስም ነው።

አርቢዋ ሳትከፋ መለሰች። «እናቷ ነፃ ናት። አባቷ ተሸካሚ ነው። ወረቀቱን እልክልሻለሁ።»

አባት ከጎን ሆነው ሰሙና እጃቸውን አወናጨፉ። «ተሸካሚ? ተይ፣ ዝጊው! ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።»

አድማጮቻችን፣ እናንተ ብትሆኑ ትዘጉት ነበር? እስካሁን አብራችሁን ከቆያችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። እናት ሁለት ደኅና ቁልፍ አላት፤ ለእያንዳንዱ ልጇ የምትሰጠው ደኅናውን ነው። አባትየው የተሰበረውን ቢሰጥ እንኳ ቡችላዋ በዚህ ስብራት አትታመምም። ይልቅ መጠርጠር ያለበት «የኔ ውሾች ምርመራ አያስፈልጋቸውም፣ ታመው አያውቁም» የሚል አርቢ ነው።

ልጅቷ ስልኩን አልዘጋችም። በቁልፉ ምሳሌ ለአባቷ አስረዳቻቸውና ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘች። ቡችላዋም ጉንጯ ታሽቶ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ቤተሰቡ ሊያስወልዳት እንዳያስብ አርቢዋ በውሉ ላይ አስፍራለች። አባትም በበኩላቸው አንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ዱለት በተሠራ ቀን ሁለቱም ውሾች ጓሮ ይቆያሉ።

ስለ ቤድሊንግተንም ሆነ ስለ ሌላ ዝርያ የሚወረስ ሕመም ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ከእኛ ጋር ይሆናል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ። ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይጠፋል።)